የቀልደኛው አባት

አባት በልጁ ሥራ ስላፈረ ልጁን ሊክድ ይችላልን? ጥያቄው ያረጀ ነው። ከማርጀቱም የተነሣ በየቤታችን ተቀምጦ ሳለ ጥያቄ መሆኑ ይረሳል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከነፕላቶን መጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የካርቱን ፊልም ተነሥቼ ነው። «ደግሞ ካርቱን!» ብሎ ገጹን የሚገለብጥ ጓደኛ ቢኖር መብቱ ነው። ሆኖም ጥቂት ቢታገሠኝ የሚከራከርበት ነገር አያጣም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን ጀምሮ እስከ ዛሬ ያላቆመው «ዘ ሲምፕሰንስ» ነው። ፈጣሪው ማት ግሬኒንግ ይባላል። ዋናዎቹ ሰዎች አንድ አባት፣ አንዲት እናትና ሦስት ልጆች ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ከነሱ አንዱ አይደለም፤ ክረስቲ የሚባለው ክላውን ነው። ስፕሪንግፊልድ በምትባለው ከተማ በቴሌቪዥን ለልጆች የሚቀልድ፣ ፊቱ ነጭ፣ አፍንጫው ቀይ፣ ከካሜራ ጀርባ ሲሆን ሲጋራ የማይለየው፣ ቁማር የሚወድ፣ ስሙን ባገኘው ዕቃ ሁሉ ላይ እየለጠፈ የሚሸጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አባት ይኑረው አይኑረው ማንም አይጠይቅም። ኦክቶበር 24 ቀን 1991 በታየው ክፍል ግን አባቱ ብቅ አሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባርት የሚባለው ልጅ ቀደም ሲል ክረስቲን ካልሠራው ወንጀል አድኖት ነበርና ክረስቲ ለምስጋና ያህል እነባርት ቤት ራት ይመጣል። ማዕዱን ባርክልን ሲሉት በዕብራይስጥ ይባርካል። የባርት ታናሽ እኅት ሊሳ ቋንቋውን ታውቅበታለች። ሰውዬው ግን ቡራኬው አባቱን አስታውሶት እዬዬ ብሎ ያለቅሳል። ለካ እውነተኛ ስሙ ሐርሸል ክረስቶፍስኪ ነው። አባቱ ሃይማን ክረስቶፍስኪ የታወቁ ረቢ፣ አያቱም ረቢ፣ ቅድመ አያቱም እንዲሁ። ልጁ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰው ማሳቅ ነው የሚወደው። አባትየው ይህን ሲያዩ ሕይወት የጨዋታ ነገር አይደለም፤ የሶዳ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይረጭም፤ ኬክም ይበላል እንጂ ሰው ፊት ላይ አይወረወርም ብለው ይገሥጹታል። ልጁ አድጎ በድብቅ ክላውን ይሆናል። አንድ ቀን ካትስኪልስ በሚባሉት ተራሮች ረቢዎች ለጉባኤ ተሰብስበው ሳለ እፊታቸው ሲቀልድ፣ አንዱ ረቢ ለጨዋታ ብሎ የሶዳ ውሃ ይረጨዋል። ቀለሙ ይታጠባል። አባትየው የልጃቸውን ፊት ያያሉ። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አልተነጋገሩም።

ለመሆኑ ረቢው ያፈሩት በምንድን ነው? ቀለሙ ፊቱ ላይ እስካለ ድረስ ከሌሎቹ ጋር ቁጭ ብለው ያዩት ነበር። ያፈሩት ቀለሙ ሲጠፋና የገዛ ልጃቸው ፊት ሲገለጥ ነው። ደግሞም ያ የሆነው በሙያ ባልደረቦቻቸው ፊት ነው። ያን ነገር ቤታቸው ውስጥ፣ ማንም ሳያይ ቢደርሱበት ኖሮ ልጁን እስከዚያ ድረስ ባልካዱት ነበር ብዬ እገምታለሁ። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ቃል አለን፤ ይሉኝታ ይባላል። ይሉኝታ የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ሲመጣ ደግሞ ከሃይማኖቱ ለመለየት በጣም ያስቸግራል።

ይሁንና ለረቢውም ሊፈረድላቸው የሚገባ ነገር አለ። እኛ ወጣቶች እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ ወዲያው ከልጁ ጎን እንሰለፋለን፤ ቀላል ነዋ! እስቲ በሳቸው ቦታ እንቁም። ከአገር አገር ሲባረር፣ በብዙ ቦታ መሬት እንዳይዝ ሲከለከል የኖረ ሕዝብ ማንም ሊወርስበት የማይችለው ሀብት ትምህርቱ ብቻ ነበር። ያ ሀብት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ እሳቸው ዘንድ ደርሷል። ልጃቸው ላይ ቆመ። የሚያስለቅስ ነው እኮ። አባትየው የጠሉት ሳቅን አይደለም፤ የፈሩት የሰንሰለቱን መበጠስ ነው። ስለዚህ «ኋላ ቀር ሽማግሌ» ብለን የምናልፋቸው ሰው አይደሉም።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ነገሩን እንዲያው ከራሳቸው አልፈጠሩትም። በ1927 የወጣው «ዘ ጃዝ ሲንገር» የሚባለው፣ ተዋናዮች ሲናገሩ በድምፅ ከተሰሙባቸው ረዣዥም ፊልሞች የመጀመሪያው፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አባትየው የምኩራብ ዜማ መሪ ናቸው፤ መሪጌታ እንበላቸው። ልጁ ጃዝ መዝፈን ይፈልጋል፤ ይጣላሉ። በመጨረሻ አባት ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ልጁ ትርኢቱን ትቶ በስርየት ቀን ዋዜማ በአባቱ ቦታ ቆሞ ይዘምራል፤ እሳቸውም ዜማውን እየሰሙ ይሞታሉ። የካርቱኑ ደራሲዎች ይህንን እያስታወሱ ነው ረቢውን የሚያስቀልዷቸው፤ ልጃቸውን ሲያባርሩ፣ የጃዝ ዘፋኝ ብትሆን እንኳ ይቅር ባልኩህ ነበር ይሉታል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ትልቁ ልዩነት ማን ወደ ማን ሄደ የሚለው ነው። በ1927 ልጁ ወደ ምኩራብ ሄደ። በ1991 ግን፣ ቀጥዬ እንደማወራው፣ አባትየው ናቸው ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው የሄዱት። በ64 ዓመት ውስጥ የመታረቂያው ስፍራ ከአባት ቤት ወደ ልጅ ቤት ተዛወረ ማለት ነው። ይህ እድገት ነው ወይስ ውድቀት? እኔ እድገት ነው ባይ ነኝ። ልጅ አባቱን ደስ ለማሰኘት የአባቱን ካባ ቢለብስ እርቁ ከልጁ ጋር አልሆነማ፤ ከካባው ጋር ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ለረቢው ድምፁን የሰጠው ሰው ነው። ጃኪ ሜሰን ይባላል። በ1928 ተወልዶ በ2021 የሞተ፣ በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረ ኮሜዲያን ነው። ለዚህ ለረቢው ድምፅ በ1992 ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አግኝቷል። ያደገው ኒውዮርክ ውስጥ ስደተኛ አይሁዶች በሚኖሩበት በሎወር ኢስት ሳይድ ሲሆን አባቱ ረቢ፣ ወንድሞቹም ረቢዎች ነበሩ። እሱ ራሱም በ25 ዓመቱ ረቢ ሆኖ ምኩራብ መርቷል። በየበጋው ግን ካትስኪልስ ሆቴሎች ውስጥ መቀለድ ጀምሮ ነበር። አባቱ በ1959 ሲሞቱ ረቢነቱን ትቶ ሙሉ በሙሉ ቀልደኛ ሆነ። አባቱ በሕይወት ሳሉ ያልወሰደውን እርምጃ ከሞቱ በኋላ ወሰደ እንግዲህ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ፣ ቀልደኛ ልጁን የሚያባርር አባት ሆኖ ተናገረ። ድምፁን ስሰማ የማስበው ይህንን ነው። ሰውዬው ረቢውን አያሾፍባቸውም። ንዴታቸው ውስጥ ሐዘን አለ። በልቡ የነበረውን እኔ አላውቅም፤ የሚሰማው ግን ያ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በእኛ አገር አባትና ልጅ ሲጣሉ ሽማግሌ ይላካል። በስፕሪንግፊልድ ሽማግሌዎቹ የ10 ዓመቱ ባርትና የ8 ዓመቷ ሊሳ ናቸው። ሊሳ መጻሕፍት ቤት ገብታ ታልሙድ ታገላብጣለች፤ ባርት የተገኘውን ጥቅስ ይዞ ወደ ረቢው ይሮጣል፤ ረቢው በሌላ ጥቅስ ይመልሱታል። እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና ይመለሳል። ልጆቹ ከሚያመጡት አንዱ ልጅን በግራ እጅ ገፋ፣ በቀኝ እጅ ደግሞ ሳብ ማድረግ ይገባል የሚለው የጥንት ሊቃውንት ትምህርት ነው። በታልሙድ ውስጥ ይህ ትምህርት የሚጠቀሰው እኛም ከምናውቀው ታሪክ ጋር ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ አገልጋዩ ግያዝ ከንዕማን በውሸት ብር ስለተቀበለ ረግሞት፣ ግያዝ ለምጻም ሆኖ ከፊቱ ወጣ። ሊቃውንቱ ግያዝ አላጠፋም አይሉም። የሚነቅፉት ነቢዩን በሁለት እጁ ስለገፋው ነው። ነቢይን ለመንቀፍ መድፈራቸው ራሱ ያስደንቃል!

እስቲ ይህችን የሁለት እጅ ነገር እናሰላስላት። ትምህርቱ ዛሬ ግፋ፣ ነገ ቁጣህ ሲበርድ ሳብ አይደለም የሚለው። ሁለቱም እጆች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚሠሩት። ግራው እጅ ሥራህን አልወደድኩትም ይላል። ቀኙ ደግሞ ና ቁጭ በል፣ ራት ቀርቧል ይላል። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት መሆን የለበትም። አብዛኛው ሰው ግን፣ አባትም ሆነ ልጅ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ያቅተዋል። አባት «ከሳብኩት ያጸደቅሁለት ይመስለዋል» ብሎ ይፈራል። ልጅ ደግሞ «ካላደነቀኝ አልወደደኝም» ብሎ ይደመድማል። የሚገርመው ስሕተቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ፍርድንና ፍቅርን አንድ ገመድ ላይ ማሰር ነው።

ረቢው ይህን ትምህርት አያውቁትም እንዳንል ሊቅ ናቸው። በዚያው በታልሙድ ውስጥ ሌላም ታሪክ አለ። አንድ መምህር ገበያ መሐል ቆሞ ነቢዩ ኤልያስን ከዚህ ሁሉ ሰው የሚመጣው ዓለም ወራሽ ማን ነው ብሎ ይጠይቀዋል። ኤልያስ የሚያሳየው ሁለት ሰዎችን ነው። መምህሩ ሥራችሁ ምንድን ነው ሲላቸው ቀልደኞች ነን፣ ያዘነውን እናስቃለን፣ የተጣላ ስናይም እናስታርቃለን ይሉታል። እንግዲህ ክረስቲን ነፃ የሚያወጣው መረጃ ገና ከጥንት አባትየው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። የጎደላቸው ማስረጃ አልነበረም ማለት ነው። ትምህርት ቤት ስንውል ሰው የሚሳሳተው ስላላወቀ ነው የሚል እምነት ያድርብናል። ይህ ታሪክ ግን አዋቂ ሰው እያወቀ እንዴት በሩን እንደሚዘጋ ያሳያል፤ ጥቅሱ ሁሉ በእጁ ስላለ ለመዝጊያውም የሚሆን ጥቅስ አያጣም።

ታዲያ በሩ እንዴት ተከፈተ? ባርት በመጨረሻ ያመጣው ጥቅስ የታልሙድ አይደለም፤ ሳሚ ዴቪስ ጁንየር በመጽሐፉ የጻፈው ነው። ሳሚ ዴቪስ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና ቀልደኛ ሲሆን ኋላ የአይሁድን ሃይማኖት የተቀበለ ሰው ነው። ጥቅሱ ያ ሕዝብ ያን ሁሉ መከራ ችሎ ለወግ መብቃቱን የሚያወሳ፣ በመድረክ ሰው አነጋገር የተጻፈ ተራ ነገር ነው። ረቢው ግን ልባቸው ተነካ። (በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር፦ በ1927ቱ ፊልም ላይ ልጁ መድረክ የሚወጣው ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ጥቁር ሰው መስሎ ነው። በ1991 ደግሞ አባትየውን ያሸነፈው የእውነተኛ ጥቁር ሰው ቃል ሆነ። ደራሲዎቹ አስበውበት ይሁን አይሁን፣ እኔ ግን ሳላነሣው አላልፍም።) ረቢው ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ይሄዳሉ፤ በተመልካች ፊት ልጃቸውን ያቅፋሉ፤ አይወረወርም ያሉትን ኬክ አንሥተው ክረስቲ ፊት ላይ ይለጥፉታል።

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ግን ቆየት ብዬ ሳስበው ይህ እርቅ ከነከነኝ። ረቢው ልጃቸውን ይቅር አላሉትም፤ ለካስ ጥፋት አልነበረውም ብለው ፍርዳቸውን ነው የለወጡት። በክርክር የተከፈተ በር በክርክር ሊዘጋ ይችላል። ነገ ደግሞ ሌላ ልጅ የተሻለ ጥቅስ ይዞ ቢመጣስ? የእኛ ሽማግሌዎች በዚህ በኩል ይበልጣሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ደጅ የሚቆሙት ሽማግሌዎች አባትየውን በነገር ለመርታት አይደክሙም። «ጥፋተኛ ነው፤ ለእኛ ሲሉ ይማሩት» ነው የሚሉት። በዚህች «ለእኛ ሲሉ» ውስጥ አባት ፍርዱን እንደያዘ ቀኝ እጁን እንዲዘረጋ ሰበብ ያገኛል። ለመጣላት ብቻ ሳይሆን ለመታረቅም ሰበብ ያስፈልጋላ።

ደራሲዎቹም ነገሩ በኬክ እንዳላለቀ የተረዱት ይመስላል። በ2003 በታየ ክፍል ክረስቲ የአይሁድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የሚደረግለት ባር ሚጽቫ የሚባለው ሥርዓት ፈጽሞ እንዳልተደረገለት ይታወቃል። ለምን ሲባል አባቱ ሥርዓቱን መቀለጃ ያደርገዋል ብለው ፈርተው ነው። ለካ ገና በ13 ዓመቱ ተፈርዶበት ኖሯል! ሴፕቴምበር 28 ቀን 2014 በታየው ክፍል ደግሞ ክረስቲ አባቱ ዘንድ ሄዶ ቀልዴን እንዴት ታየዋለህ ብሎ ይጠይቃል። አባትየው የሚመልሱት መጥፎም ጥሩም የማይል፣ ትከሻ ነቅነቅ የሚደረግባት አንዲት ድምፅ ነው፤ «እህ»። እንዲያው ምንም አይል፣ እንደማለት። ያንን ብለው ይሞታሉ።

ብዙ ሰው ይህን የጭካኔ ቀልድ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ከ1991ዱ ኬክ ይልቅ የ2014ቷን «እህ» እመርጣለሁ። በኬኩ ጊዜ አባትየው የተማረኩ ሰው ናቸው። «እህ» ሲሉ ግን ልጃቸው እቤታቸው ነው፤ የሚያስቡትን ፊት ለፊት ነገሩት። ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ናቸው። ክረስቲ ግን የገባው ግራው ብቻ ነበርና ከቀብሩ በኋላ ሲሠቃይ ይሰነብታል። በኋላ ምኩራብ ሄዶ አባቱ ያደንቋቸው የነበሩትን አንድ ረቢ ስብከት ሲሰማ፣ ሰውዬው ስብከታቸውን የሚያጣፍጡት በሱ በክረስቲ የድሮ ቀልዶች ሆኖ ያገኘዋል። አባቱ ለካ የሱኑ ቀልድ ነበር በሌላ ሰው አፍ የወደዱት።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሳልመጣ ብቀር ወረቀት ማባከን ነው። በእኛም አገር «አዝማሪ» የሚለው ቃል ሙያ ብቻ ሳይሆን ስድብም ሆኖ ኖሯል። ሰርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም፤ ልጄ አዝማሪ ይሁንልኝ ብሎ የሚመርቅ አባት ግን ስንት ነው? አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ቴአትር ነው የሚያጠናው፤ ለአባቱ ግን ሕግ እያጠናሁ ነው ብሏቸዋል። አባቱ በስልክ «የኛ ዳኛ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ሲደውሉ ኮሪደር ወጥቶ ነው የሚያወራው። ስመረቅ እነግራቸዋለሁ ይላል። ክረስቲን ስናይ ከሁላችን ይበልጥ የሚስቀው እሱ ነው። ስለ ረቢው ይህን ያህል ካወራሁ ስለሱም ልናገር፦ የሚደብቅ ልጅም አባቱን ሳይጠይቅ ፈርዶበታል። «አባቴ አይችለውም» ብሎ ቀድሞ ወስኗል። ክረስቲም ቀለም የተቀባው ለሥራው ብቻ አልነበረም። አባት ቀኝ እጁን ይዘረጋ አይዘረጋ የሚታወቀው ነገሩ ሲነገረው ነው። እርግጥ ነው፣ ይህን ማለት ለኔ ቀላል ነው፤ የአባቱን ድምፅ ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ከዶርም ጓደኞቼ አንዱ አንብቦ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «እሺ፣ ቀልደኛ ይሁን፣ ተዋናይም ይሁን፣ ማንንም አልጎዳም። ልጁ ሰው እያታለለ በረሃ የሚያሻግር ደላላ ቢሆንስ? ያኔም ቀኝ እጅ?» አለኝ። ያኔ ግራው እጅ አጥብቆ መያዝ አለበት፣ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ መውሰድም አለበት አልኩት። ግን ደግሞ እስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዘው የሚሰለፉ እናቶች አሉ። ልጄ ንጹሕ ነው የሚሉ አሉ፤ ጥፋተኛነቱን አሳምረው የሚያውቁም አሉ። የሚያውቁትም ምሳውን ያደርሳሉ። የሁለቱን እጅ ነገር ከመጽሐፉ ይልቅ ያስረዱኝ እነሱ ናቸው አልኩት። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቆየና «በዚያ ልጅ ምክንያት በረሃ የቀረው ሰው እናት በዚያ መንገድ ስታልፍ ያንን ሳሕን ብታየውስ?» አለኝ። ለዚህ ገና መልስ አልሰጠሁትም። የሚመልስልኝ ካለ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው።